ናኖ ወርቅ የካንሰርን ደም ሥር ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው? (አዳማ ያላችሁ እርዱኝ)

የፍራንኮ ልጅ · እሑድ ማታ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አመሻችሁ። የምጠይቀው ለአክስቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ስለዚህ ነገሩን የምታውቁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ተብላ አዲስ አበባ ኦፕሬሽን ተደረገላት። ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሳችና ጉበቷም ላይ አለ ተባለ። አሁን ኬሞ ጀምራለች፣ ከአዳማ እየተመላለስን ነው። ከጀመረች ወዲህ ግን ምግብ አስጠልቷታል፣ አፏ ቆስሏል፣ ጣቶቿን ይቆጠቁጣታል። «እኔስ በቃኝ» ማለት አምጥታለች።

በዚህ መሀል አንድ የምናውቀው ሰው ቤት ድረስ መጥቶ በትንሽ ጠርሙስ የተሞላ ፈሳሽ አሳየን። ናኖ ወርቅ ነው አለን። ጠዋትና ማታ በጠብታ ይጠጣል፣ የዕጢውን ደም ሥር ይዘጋና በረሃብ ይገድለዋል፣ ውጭ አገር የተረጋገጠ ነው፣ ግን ከኬሞ ጋር ስለማይስማማ ኬሞውን አቁሙ ነው የሚለው። ዋጋውን አልናገርም፣ ብቻ የአክስቴን የአንገት ሐብል የሚያሸጥ ነው።

ዩቲዩብ ገብቼ ስፈልግ ደግሞ ጭራሽ ውሸት አይመስልም። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ናኖ ቅንጣት ተጠቅመው የዕጢ ደም ሥር እንዳያድግ አደረግን ይላሉ። እና የቱን ልመን? አክስቴ እስከ ማክሰኞ እንድወስንላት ትፈልጋለች፣ ማክሰኞ የኬሞ ቀኗ ነው።

ሲስተር ከአዳማ · እሑድ ማታ 2፡40

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልህ። ሳይንሱን የሚያውቁት ይመልሱልሃል፣ እኔ ግን ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ልንገርህ ብዬ ነው። ኬሞውን እንዳታቋርጡ። በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ የተወሰነው እንዲሁ አይደለም፣ በመሀል ረጅም ክፍተት ሲገባ የተረፈው ካንሰር ማገገሚያ ጊዜ ያገኛል።

የምግቡ፣ የአፍ ቁስሉ፣ የጣት መቆጥቆጡ ነገር ሁሉ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ብዙ ታካሚ «ሐኪሙን ላለማስቸገር» ብሎ ዝም ይላል፣ በተለይ ትልልቅ እናቶች። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል፣ የአፍ ማጠቢያ አለ፣ መቆጥቆጡ ከባሰ የኬሞው መጠን ይስተካከላል። ታግሳ መቻል የለባትም። ሌላው ደግሞ ትኩሳት። ቴርሞሜትር ይኑራችሁና 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ሂድ፣ ሲነጋ እንሄዳለን አትበል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊጥል ይችላል።

ላብ ኮት · እሑድ ማታ 3፡25

የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (አስቱ)። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ አክስትህ ሕክምና አልናገርም፣ ሲስተርን ስማ። የወርቅ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ በጣም ደቃቅ የወርቅ ብናኝ፣ ግን በእጄ ሠርቻለሁ፣ ስለሱ ልነግርህ እችላለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ዕጢ ሲጀምር የራሱ ደም ሥር የለውም። ኦክስጅንና ምግብ የሚደርሰው አጠገቡ ካለ ደም ሥር እየሰረገ ነው። በዚህ ሁኔታ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ነው፣ ከዚያ በላይ መሀሉ ይታፈናል። የቧንቧ መስመር ያልገባለት ሰፈር አስብ። ከጎረቤት ቦኖ እየቀዱ ጥቂት ቤቶች መኖር ይችላሉ፣ ሰፈሩ ግን ከተማ አይሆንም። ዕጢው ሲታፈን ታዲያ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። ፕሮቲኑ አጠገቡ ያለው ደም ሥር ግድግዳ ላይ ያርፍና ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያዘዋል። አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ዕጢው ይዘረጋል፣ ከዚያ በኋላ ዕጢው የሚያቆመው የለም፤ በዚያው መንገድ ሴሎቹ ወጥተው ወደ ጉበትም ወደ ሳንባም ይሄዳሉ።

ይህን ሐሳብ ያመጣው ጁዳ ፎክማን የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ባሕር ኃይል ውስጥ እያለ ከእንስሳ አንገት የወጣ ታይሮይድ የሚባል አካልን በፈሳሽ እየመገቡ ከአካል ውጭ በሕይወት ያቆዩ ነበር። ካንሰር ሲተክሉበት ካንሰሩ ሚጢጢ ሆኖ ይቆማል። ያንኑ ካንሰር አይጥ ላይ ሲመልሱት ግን ወዲያው ያብጣል። ልዩነቱ አይጧ አዲስ ደም ሥር ማብቀል መቻሏ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ጽፎ «ደም ሥሩን ካስቆምን ዕጢውን እናስቆማለን» ሲል ያመነው ሰው ጥቂት ነበር፣ ለዓመታትም የተቀበለው የለም። ዛሬ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ሰውዬው «ደም ሥር ይዘጋል» ያለው ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ወርቅን በተመለከተም የሆነ እውነት አለው። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ምንም ያልተቀባ የወርቅ ቅንጣት ቪኢጂኤፍ ላይ እንደሚጣበቅና ሥራውን እንደሚያስተወው አሳይቷል። ያ ግን ላብራቶሪና እንስሳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለካንሰር ሕክምና ተፈቅዶ ሆስፒታል የገባ የወርቅ ናኖ ቅንጣት የለም። ሰው ላይ ከተሞከሩት አንዱ ቲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን የተሸከመ የወርቅ ቅንጣት ነበር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራው ውጤት በ2010 ታትሟል። እሱም በደም ሥር ነው የተሰጠው። ማንም በጠብታ አልጠጣውም።

ብሩህ ተስፋ · እሑድ ማታ 4፡02

እኔ ደግሞ በዚህ አልስማማም። ሰዎች ሲጨንቃቸው የሚይዙት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ወርቅ በጥርስም ይገባል፣ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ቢጠጡትስ ምን ይጎዳል? ኬሞ ራሱ መርዝ ነው፣ ሰው ፀጉሩን አርግፎ ሲሰቃይ እያየን ነው። ነጮቹ ያወቁትን ነገር እኛ ጋ ሲመጣ ለምን ውሸት እንለዋለን?

ጫልቱ · እሑድ ማታ 4፡20

ወንድሜ ብሩህ ተስፋ፣ ምን እንደሚጎዳ እኔ ልንገርህ። ባለቤቴን በምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ያጣሁት። አርሲ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ እዚያና ባሌ ይህ በሽታ እንዴት ቤት እንደሚያፈርስ የሚያውቅ ያውቃል። መዋጥ ሲያቅተው ጊዜ አንድ ሰው የሆነ ዱቄት ሸጠልን። «ይሄ እያለ ሆስፒታል ምን ያደርጋል» አለን። ዱቄቱን እስኪጨርስ ጠበቅን። ሆስፒታል ስንደርስ ቧንቧው ጭራሽ ተዘግቶ ነበር። ዱቄቱ መርዝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ የወሰደብን ግን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ለኛ ብዙ ነበር።

ላብ ኮት፣ አንተንም ልጠይቅህ። ከ1971 እስከ ዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። አይጥ ዳነ ሲባል ስንሰማ ኖርን። ሰው የሚድነው መቼ ነው?

መድኃኒት ቤት · ሰኞ ጠዋት 1፡50

እትዬ ጫልቱ፣ ነፍስ ይማር። ጥያቄዎ ትክክለኛ ስለሆነ እኔ ልመልስ፣ ፋርማሲስት ነኝ።

ደም ሥር የሚያስቆም መድኃኒት ሰው ላይ ከዋለ ቆይቷል። ናኖ አይደለም፣ ቪኢጂኤፍን እየለቀመ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ነው። ቤቫሲዙማብ ይባላል፣ ብዙ ሰው አቫስቲን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። በየካቲት 2004 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለምን መሰላችሁ? ልክ እንደ ጠያቂያችን አክስት ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ዋናው ጥናት ላይ ኬሞ ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 15.6 ወር ነበር፣ ኬሞውን ከቤቫሲዙማብ ጋር የወሰዱት 20.3 ወር። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ ኖሯል ማለት ነው፣ የማንም ሰው የግል ቀጠሮ አይደለም፣ በዚያ ላይ ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ተአምር አይደለም ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። ለጡት ካንሰር ደግሞ በ2008 ተፈቅዶ ነበር፣ ዕድሜ እንደማያረዝም ሲታይ በ2011 አሜሪካኖቹ ፈቃዱን አነሱት። ማለትም አንዱ ካንሰር ላይ የሠራ ሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል።

አሁን ወንድሜ የፍራንኮ ልጅ፣ ይህችን ልብ በላት። ሰውዬው «ከኬሞ ጋር አይስማማም» ብሎሃል አይደል? እውነተኛው የደም ሥር ማስቆሚያ መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ከኬሞ ጋር ነው። ጥናቱ የተሠራው ከኬሞ ጋር፣ የተፈቀደው ከኬሞ ጋር። ለብቻው አንጀት ካንሰር ላይ ያን ያህል አይረባም። እንግዲህ ኬሞ አቁሙ የሚል ሰው ስለ ደም ሥር ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

የፍራንኮ ልጅ · ሰኞ ጠዋት 2፡30

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ሞኝ ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ። ኬሞ ወደ ዕጢው የሚደርሰው በደም አይደል? ደም ሥሩን ከዘጋነው ኬሞው በምን በኩል ይገባል?

ላብ ኮት · ሰኞ ጠዋት 3፡10

ይሄ ጥያቄ ራሱ ለብዙ ዓመት ሳይንቲስቶቹን ያከራከረ ነው።

ዕጢ የሚያበቅለው ደም ሥር የተበላሸ ነው። በጥድፊያ ስለሚሠራ የተጠማዘዘ፣ የሚያፈስ፣ አንዳንዱም መውጫ የሌለው ነው። ፈሳሽ ያልፍና ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከዚያ መድኃኒት ልግባ ቢል ግፊቱ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ራኬሽ ጄይን የሚባል ሃርቫርድ ያለ ተመራማሪ በ2001 ያመጣው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ቪኢጂኤፍን በልክ ስትቀንሰው ደም ሥሮቹ ወዲያው አይጠፉም፣ መጀመሪያ ይስተካከላሉ። ማፍሰሱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኬሞውና ኦክስጅኑ በተሻለ ይገባል። ኦክስጅን ደግሞ ለጨረር ሕክምናም ያስፈልጋል፣ አየር ያጣ ካንሰር ጨረርን ይቋቋማል።

ከልክ በላይ ስታፍነው ግን ሌላ ጣጣ አለ። አየር ያጣ ዕጢ ዝም ብሎ አይሞትም። ሌሎች የደም ሥር ማብቀያ ፕሮቲኖችን መልቀቅ ይጀምራል፣ አንዳንዱም ወደ ጤነኛው አካል እየሾለከ ይገባል። «በረሃብ ይገድለዋል» የሚለው አባባል ቀላል ያስመስለዋል እንጂ እውነታው እንደዚያ አይደለም።

ብሩህ ተስፋ · ሰኞ ጠዋት 3፡35

እትዬ ጫልቱ፣ ያሉትን አንብቤ ልቤ ተነካ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የኬሞውንም ነገር አሁን ተረዳሁት። ግን ላብ ኮት፣ አይጥ ላይ ከሠራ ሰው ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው? ናኖውስ ከአንቲቦዲው በምን ይሻላል ተብሎ ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚፈስበት?

ላብ ኮት · ሰኞ ቀን 6፡45

ላብ ነበርኩ፣ አሁን ነው ያየሁት። ይሄኛው እኔን ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ ስለሆነ ላብራራው።

የአንቲቦዲው ችግር ቪኢጂኤፍን የሚይዘው ዕጢው ጋ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቪኢጂኤፍ ጤነኛውም አካላችን ይፈልገዋል፣ ቁስል ሲድን አዲስ ደም ሥር መብቀል አለበት፣ ኩላሊትም ያለሱ አይሠራም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነት ሁሉ ላይ ሲሠራ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይወጣል፣ ቁስል ይዘገያል። የናኖ ሐሳብ መድኃኒቱን ዕጢው ጋ ብቻ ማድረስ ነው።

ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቀይ የደም ሴል ወደ 7,000 ናኖሜትር ይሰፋል፣ እኛ የምንሠራቸው ቅንጣቶች አብዛኛው ጊዜ ከ5 እስከ 100 ናቸው። ከ6 ናኖሜትር ገደማ ካነሰ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያወጣዋል። ከተለቀ ደግሞ ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። ማዬዳና ማትሱሙራ የሚባሉ ጃፓናውያን በ1986 የዕጢ ደም ሥር የሚያፈስ ስለሆነ ትልልቅ ሞለኪውሎች እዚያ ሾልከው እንደሚቀሩ አሳዩ። መላው ዘርፍ ማለት ይቻላል በዚህ ላይ ነው የተገነባው። ከዚያ በ2016 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ከተወጋው ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛው ቁጥር 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያውም እንስሳ ላይ። አይጥ ላይ የሚተከል ዕጢ በሳምንታት የሚያድግ፣ በጣም የሚያፈስ ነው። የሰው ዕጢ ዓመታት ፈጅቶ የሚያድግ ነው፣ የአንዱ ያፈሳል፣ የሌላው አያፈስም። አይጥ የዳነበት ሰው ላይ የማይደገምበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ግን እዚህ ጋ ነው ደም ሥሩን ማነጣጠር ልዩ የሚሆነው። የካንሰር ሴል ለመግደል ቅንጣቱ ከደም ሥሩ ወጥቶ፣ ያን ግፊት ተቋቁሞ፣ ዕጢው ውስጥ ዘልቆ መግባት አለበት። ደም ሥሩን ለማስቆም ግን መውጣት አያስፈልገውም። ግቡ ራሱ ግድግዳው ነው፣ ግድግዳው ደግሞ በየሰከንዱ ከደሙ ጋር ይገናኛል። አዲስ የሚበቅል የደም ሥር ግድግዳ ላይ ኢንተግሪን የሚባል መያዣ ፕሮቲን ይበዛል፣ አሮጌው ላይ ያን ያህል የለም። በ2002 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያንን ኢንተግሪን የሚይዝ ናኖ ቅንጣት ሠርተው የደም ሥሩን ሴሎች የሚገድል ጂን አስጭነው አይጥ ላይ ዕጢ አሟሽሸዋል። በ2018 ደግሞ የቻይናና የአሜሪካ ቡድን ከዲኤንኤ የተጠቀለለ ቱቦ ሠርቶ ውስጡ ትሮምቢን፣ ማለትም ደም የሚያረጋ ኢንዛይም፣ ደበቀበት። ቱቦው የዕጢውን ደም ሥር ሲያገኝ ይፈታል፣ ደሙ እዚያው ይረጋል፣ ዕጢው ይታፈናል። አይጥ ላይ ሠርቷል፣ ጤነኛ አሳማዎች ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ደም አላረጋም። ይህንን ሳነብ ነው እኔ ይህን ትምህርት የመረጥኩት።

ሰው ላይ ቢሆን ግን? አንዲት የረጋ ደም ተሳስታ ልብ ወይም አንጎል ጋ ብትሄድ ሰውዬው አለቀለት። ለዚህ ነው እትዬ ጫልቱ፣ ጊዜ የሚወስደው። የተመራማሪዎቹ ፍርሃት ተገቢ ነው።

ጫልቱ · ሰኞ ቀን 7፡20

ልጄ ተባረክ። አሁን ገባኝ። ቢያንስ ለምን እንደዘገየ የሚነግረን ሰው ኖሮ አያውቅም።

የፍራንኮ ልጅ · ሰኞ ቀን 8፡05

ላብ ኮት፣ ሰውዬው አንድ ጠርሙስ «ሞክሩት» ብሎ ጥሎልን ሄዷል። አክስቴ አልቀመሰችውም። መብራት ላይ ይዤ አየሁት፣ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ወርቅ ስለሆነ ይሆን?

ላብ ኮት · ሰኞ ቀን 8፡30

በፍጹም እንዳትቀምሰው። ምክንያቱን ልንገርህ።

እኛ ላብ ውስጥ የምንሠራው ከ1951 ጀምሮ በሚታወቅ ቀላል ዘዴ ነው። የወርቅ ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ መልኩ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። ይፈላል። እየፈላ ሶዲየም ሲትሬት ትጨምርበታለህ። መጀመሪያ ቢጫው ይጠፋና ውሃ ይመስላል። ከዚያ ወደ ጥቁር ግራጫ ይሄዳል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ደማቅ ቀይ ወይን ጠጅ ይሆናል። ቀዩ ሲመጣ ነው ቅንጣቱ ተሠራ የምንለው። ወርቅ በዚያ መጠን ሲደቅ ቢጫ አይደለም፣ ቀይ ነው። ያንተ ጠርሙስ ቢጫ ከሆነ ወይ የምግብ ቀለም ነው፣ ወይ ገና ቅንጣት ያልሆነ የወርቅ ጨው ነው፣ ወይ ሌላ ነገር። በዓይን መለየት አይቻልም። የወርቅ ጨው ከሆነ ደግሞ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው፣ እኛ ያለ ጓንት አንነካውም። አፏ ቆስሏል ብለሃል፣ በዚያ ላይ እሱን?

ቀይ ቢሆንም ኖሮ መልሴ አይለወጥም። የተጠጣ የወርቅ ቅንጣት አብዛኛው በሆድ አልፎ ይወጣል እንጂ ደም ውስጥ አይገባም። ደም ውስጥ ቢገባስ? ቀዩ ፈሳሽ ላይ ትንሽ የገበታ ጨው ጠብ አድርግበት፣ ዓይንህ እያየ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ማለት ነው። ደም ደግሞ ጨው አለው፣ ፕሮቲንም ሞልቶታል። እንዳይጣበቅ ላዩን በሌላ ነገር መሸፈን አለብህ። ስትሸፍነው ግን ቪኢጂኤፍን የሚይዝበት ያ ባዶ ገጽ ይደፈናል። ከዚህ ማጥ ለመውጣት ነው ዓለም ላይ ያሉ ቡድኖች የሚሟሟቱት። ጠርሙስ ውስጥ አልቆ የተቀመጠ ነገር የለም።

ብሩህ ተስፋ · ሰኞ ቀን 8፡50

እሺ ይሄ በቂ ነው። ጠርሙሱን ለጤና ቢሮ ብታሳዩት ጥሩ ነው፣ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ። አክስትህን ፈጣሪ ይማርልህ።

ሲስተር ከአዳማ · ሰኞ ማታ 1፡10

ስለ ቤቫሲዙማብ ነገ ሐኪሟን ስትጠይቅ እነዚህን ጨምረህ ጠይቅ። ኦፕሬሽን ከሆነች ስንት ጊዜ ሆናት? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 28 ቀን ሳያልፍና ቁስሉ በደንብ ሳይድን አይጀመርም፣ ያለዚያ ቁስሉ ሊከፈት፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል። ወደፊት ሌላ ኦፕሬሽን ካለም አስቀድሞ መቆም አለበት። ደም ግፊቷም ይታይ። የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስሙን ጻፍና ይዘህ ሂድ።

የፍራንኮ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡50

ደርሰን መጣን። ኬሞዋን ወስዳለች። ጠርሙሱንም ሐብሉንም አንስተን አስቀምጠናል፣ ሰውዬውም እንዳይመጣ ተነግሮታል።

ሁሉንም ጠየቅኩ። ሐኪሟ ገርሟት «ይህን ማን አስጠናህ» አለችኝ። የጣቷን መቆጥቆጥ ስነግራት አንደኛውን መድኃኒት ቀነሰችላት። አክስቴ እስከ ዛሬ ሳትነግራት መቆየቷን ሰምታ ተቆጣቻት፣ አክስቴም ሳቀች፣ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ቤቫሲዙማብ ሊሰጣት ይችላል አለች፣ ቁስሏ ድኗል። ግን ግፊቷ 150 በ95 ስለነበር መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ሽንቷም ይመርመር ተባልን። መድኃኒቱ ካልተገኘ ከውጭ ማስመጣት እንደምንችልም ነግራናለች። ዱባይ የአጎቴ ልጅ አለች፣ በሐኪም ማዘዣ ገዝታ ይዛ ትምጣ ወይ?

መድኃኒት ቤት · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ጎሽ፣ ደስ ብሎኛል። ማስመጣቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ቤቫሲዙማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ተጠቅልሎ መጥቶ፣ ቦሌ ወርዶ፣ በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥ ከዋለ ፕሮቲን ነውና ይበላሻል። መልኩ ሳይቀየር ሊበላሽ ይችላል፣ ዓይታችሁ አታውቁትም። በረዶ ሆኖ ከቀዘቀዘም ይበላሻል፣ ስለዚህ ከበረዶው ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ። ማቀዝቀዣ ሳጥንና ትንሽ ቴርሞሜትር ይኑራት፣ በእጅ ሻንጣ ትያዘው፣ አይናወጥ።

ሁለት ዓይነት ብልቃጥ አለው፣ 100 ሚሊ ግራምና 400 ሚሊ ግራም። ስንት እንደሚያስፈልጋት በክብደቷ ስለሚሰላ ሐኪሟ ሳትጽፍ አትግዙ። ከኦሪጅናሉ ሌላ ተመሳሳይ ቅጂዎችም አሉ፣ የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ በ2017 ተፈቅዷል፣ ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ሐኪሟ ከተስማማች አትፍሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መድኃኒቱን የሚሰጠው ሆስፒታል ከውጭ የመጣ ይቀበል እንደሆነ፣ ምን ወረቀት እንደሚፈልግም ጠይቁ። ደረሰኙንና ማዘዣውን ትያዝ።

ሲስተር ከአዳማ · ማክሰኞ ማታ 3፡45

150 በ95 ላይ ጨውም ይቀነስላት፣ ሐኪሟ የሰጠቻትን የግፊት ኪኒን ሳትዘልል ትውሰድ። ጠዋት ጠዋት ተቀምጣ አምስት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ለኩና ደብተር ላይ ጻፉት። መለኪያ ከሌላችሁ የውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነኝ፣ ከሥራ ስወጣ እመጣና እለካላታለሁ።

የፍራንኮ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡52

ሲስተር፣ እግዜር ያክብርልኝ። አሁኑኑ ጻፍኩልሽ።